ባለ አንድ ዓይኑ ምስክር

ሠዓሊውን ዓባይነህን ያገኘው ዘርኡ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ቴሌግራፍ ጎዳና ላይ ያለውን የልብስ ማጠቢያ ቤቱን ሊከፍት ሲመጣ፣ ከጎን ግድግዳው ሥር ትልቅ ላስቲክ ተከምሮ አየ። ከላስቲኩ ሥር ጫማ ወጥቷል። ጫማው ውስጥ እግር አለ።

ላስቲኩን ገለጠ። ዓባይነህ በጎኑ ተጋድሟል። ከራሱ የፈሰሰው ደም አስፋልቱ ላይ ደርቋል። አንድ እግሩ መዞር ወደማይገባው አቅጣጫ ዞሯል። ይተነፍሳል። በቀኝ እጁ ቀጭን ብሩሽ ጨብጧል፤ የብሩሹ ጫፍ ነጭ ቀለም ነክቶ ደርቋል።

ዘርኡ አምቡላንስ ከጠራ በኋላ ነው ቀና ብሎ ግድግዳውን ያየው። ያኔ መሬት ላይ ቁጭ አለ።

ሁለት ወር የተለፋበት ሥዕል የለም። አመድማ ቀለም ከላይ እስከ ታች ተደፍቶበታል። በላዩ ላይ በቀይ ቀለም ጥቁሮችን የሚሰድብ ቃል ተጽፏል፤ ከሥሩ «ወደ አገራችሁ ሂዱ» ይላል። ስድቡን እዚህ መድገም አያስፈልግም። ኦክላንድ የኖረ ሁሉ ያውቀዋል።

ሥዕሉ የአምሐ መታሰቢያ ነበር። አምሐ ከማጠቢያ ቤቱ ማዶ ባለው የመኪና ማቆሚያ የሚሠራ፣ ሃያ አራት ዓመት የሞላው ልጅ ነበር። ባለፈው ዓመት፣ በፈረንጆቹ 1986፣ ከሥራ ሲወጣ ሁለት ፖሊሶች አስቆሙት። የሚፈልጉት ሌላ ሰው ነበር፤ ጥቁር መሆኑ በቃቸውና ተኩሰው ገደሉት። ቢላ ይዞ ነበር አሉ። በእጁ የነበረው መፋቂያ ነው፣ ጥርሱን የሚፍቅበት እንጨት። ነገሩ የፖሊስ ቃል በቤተሰብ ቃል ላይ ሆኖ በቀረ ነበር። ግን አንድ ያገሩ ሰው «ቢላውን በዓይኔ አይቻለሁ» ብሎ መሰከረ። የምስክሩ ስም ታሽጓል።

ያን ስም የምትፈልገው የአምሐ እህት ዓለምፀሐይ ናት። ሰኞ የአምሐን ግድያ የሚመረምረው ጉባኤ ይቀመጣል። ያ ምስክር ቃሉን ካላነሣ ፋይሉ ይዘጋል፤ አምሐም ቢላ መዝዞ ፖሊስ ላይ የመጣ ወንበዴ ተብሎ ለዘላለም ተጽፎ ይቀራል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሥዕሉ ሊመረቅ የታሰበውም ለዚህ ነበር። ምናልባት ያየው ሰው ልቡ ይነካ ይሆናል ብላ ነው።

ልቡ የተነካ ሰውስ አልጠፋም። አነካኩ ነው የከፋው።

*

ጥሩነህ ከዓባይነህ ጋር አንድ አፓርታማ ይጋራል። ቀን ሪችመንድ ውስጥ የመጋዘን ዘበኛ ነው። አዲስ አበባ ሳለ ግን መቶ አለቃ ነበር፣ የወንጀል ምርመራ መኮንን። ይህን የኦክላንድ አበሻ ሁሉ ያውቃል። ቤተ ክርስቲያን ሰላም ይሉታል፤ ለቅሶ ቤት ግን አጠገቡ የሚቀመጥ የለም። በዚያ ዘመን «ፖሊስ ነበር» ተብሎ እንደዋዛ የሚታለፍ ነገር አይደለም። ሌሊት በሩ የተንኳኳበት ሰው ብዙ ነው።

ጥሩነህ ይህን ለመለወጥ ሞክሮ አያውቅም። ኩሩ ነው፤ ሲብስም ግትር።

ግድግዳው ጋ ሲደርስ ሳጅን ዶውሊንግ ማስቲካ እያላመጠ ቆሟል። የአምሐን ጉዳይ የያዘው እሱ ነበር። ማክሰኞ ዕለት መጥቶ ሥዕሉ እስኪመረቅ የተሸፈነበትን ላስቲክ ገልጦ ካየ በኋላ «ይሄ እሑድን አያያትም» ብሎ ለዓባይነህ መዛቱን ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል።

«ሰክሮ ነው የወደቀው» አለ ሳጅኑ።

«አይጠጣም።»

«ሁሉም አይጠጣም።»

«ሰክሮ የወደቀ ሰው ተነሥቶ ላስቲክ አይለብስም። ማን አለበሰው?»

ሳጅኑ ገና አሁን አየው። «አንተ ማነህ?»

«አብሮኝ የሚኖር ሰው ነው። አገሬ መርማሪ ነበርኩ።»

«እዚያ ምን ይሰረቃል? ግመል?»

«አንዳንዴ ግመል» አለ ጥሩነህ። «አንዳንዴም የሰው ስም።»

ሳጅኑ ማስቲካውን ግድግዳው ሥር ተፍቶ ሄደ። ሪፖርቱ ላይ የሚጽፈው ከአሁኑ ይታወቃል፤ ያልታወቁ ጎረምሶች፣ የሰከረ ሽማግሌ።

ጥሩነህ ሥዕሉን ከላስቲኩ ውጭ አንድም ቀን አላየውም ነበር። ለእሑድ አቆይቶት ነው። አሁን ከግራ ጀምሮ መረመረው። በግራ በኩል ፖሊሶቹ ነበሩ። አመድማው ቀለም ቢፈስባቸውም ከሥር ደህና ናቸው፤ የአንዱ ሪዝ እንደ ዶውሊንግ ሪዝ ወፍራም ሆኖ በቀለሙ መካከል ይታያል። አምሐ መሐል ላይ ነው፤ እሱም ቀለም ከመደፋቱ በቀር አልተነካም። በቀኝ የሰፈሩ ሰዎች በተሰለፉበት ጫፍ ላይ ግን፣ ሠዓሊዎቹ ከሚሠሩበት መወጣጫ አጠገብ፣ የሰው ራስ የሚያህል ቦታ በብረት ተፍቋል። እስከ ሸክላው ድረስ። ከሥሩ የቀለም ብናኝ ወድቋል፤ አመድማው ቀለም ብናኙን አልብሶታል።

ማለት መጀመሪያ አንድ ፊት ተፋቀ። ከዚያ ነው ቀለሙ የተደፋው።

ጥሩነህ ፖሊስ መውደድ የማይችልበት በቂ ምክንያት ነበረው፤ ራሱ ፖሊስ ነበርና። ዶውሊንግን ቢይዘው ደስ ባለው። ግን ፖሊስ ሥዕል ቢያበላሽ የራሱን ፊት ነው የሚፍቀው። ዘረኛ ጎረምሳም ከአሥራ ሁለት ጥቁር ፊት አንዱን መርጦ ሲፍቅ አያመሽም።

*

«ቀለሙ የማን ነው?»

«የእኔ ነው» አለ ዘርኡ። ስድሳ ያለፈው የአሥመራ ሰው ነው፤ አማርኛውን አዲስ አበባ ሃያ ዓመት ነግዶ ነው የተማረው። «ከጓሮ ነው የተወሰደው። ግድግዳ ላይ የተጻፈ ነገር ሁሉ በአርባ ስምንት ሰዓት ውስጥ አጥፋ ይሉኛል፤ ለዚያ ያስቀመጥኩት ነው። ጓሮው አይቆለፍም።»

«ኢንሹራንሱ በሥዕሉ ምክንያት አስጨንቆዎታል ይባላል።»

«ካንስል አደርጋለሁ ብሎኛል።»

«ስለዚህ ሥዕሉ ቢጠፋ አይጎዱም።»

ዘርኡ የያዘውን አንሶላ አጣጥፎ ሲጨርስ ነው የመለሰው። «ግድግዳውን ማን ሰጠ? እኔ ነኝ የሰጠሁት፣ ለምነውኝ አይደለም። አንተ ግን ፖሊስ ነበርክ፣ ዛሬም ፖሊስ ነህ። የወደቀውን ትተህ ያነሣውን ትመረምራለህ። ውጣልኝ ከቤቴ።»

«እርስዎ» ያለውን ሰው «አንተ» ሲለው ጥሩነህ ልብ አለ። አልተቀየመም። ያሳሰበው ሌላ ነው። ዘርኡ ስለ ግድግዳው ሲያወራ ያን የተፋቀ ቦታ አንድም ጊዜ አልጠራውም።

*

ሆስፒታል ዓለምፀሐይ ኮሪደሩ ላይ ቆማለች። ዓባይነህ አልነቃም። ራሱ በፋሻ ተጠቅልሏል፤ የዳሌ አጥንቱ ተሰብሯል።

«ምን ፈልገው መጡ መቶ አለቃ?» አለች። ሌላው ሰው ጋሽ ጥሩነህ ይለዋል። እሷ ማዕረጉን የምትጠራው ለማክበር አይደለም።

«ማን እንዳደረገው ላውቅ።»

«ማን እንዳደረገውማ ይታወቃል፣ ተጽፏል እኮ። ወንድሜንም እነሱ ናቸው የገደሉት፣ ሥዕሉንም እነሱ። እርስዎስ ስንቱን ልጅ ወንበዴ ብለው መዝግበዋል?»

ጥሩነህ መልስ ነበረው። መልሱ ግን እሷን የሚያሳርፍ አልነበረም፤ ስለዚህ ዋጠው።

ያን ጊዜ ታደሰ በሁለት እጁ ሻይ ይዞ መጣ። ታደሰ ታክሲ ነጂ ነው። የማኅበረሰቡ ቀኝ እጅ እሱ ነው ይባላል። ሰው ሲታመም ይጠይቃል፣ ሰው ሲሞት ድንኳን ያስተክላል። የአምሐን ሬሳ ሳጥን ከፊት በቀኝ በኩል የተሸከመው እሱ ነበር። ለዓለምፀሐይ ሻዩን ሰጥቶ ለጥሩነህ ወንበር ሳበለት።

«ተሻለው ጋሼ? ሐኪሙ ምን አለ?»

«ይነቃል ይላሉ። ትናንት ማታ የት ነበርክ?»

ዓለምፀሐይ ዓይኗን አፈጠጠች። ታደሰ ግን ፈገግ አለ። «ሳን ሆዜ፣ ኤርፖርት። ሥራ ላይ። ለመሆኑ እኔን ነው የሚጠረጥሩት?»

«ሁሉንም እጠይቃለሁ። ሥዕሉን አይተኸው ነበር?»

«እኔ? ከአምሐ ወዲህ በዚያ መንገድ አልፌ አላውቅም። ተሳፋሪ እንኳ ኖሮኝ በሌላ ነው የምዞረው። አልችልም ጋሼ።» ዓይኑ እንባ አቀረረ። እንባው እውነተኛ ነበር፤ ይህን ጥሩነህ በኋላም አልካደም።

*

ሥዕሉን ከዓባይነህ ጋር የሠራችው ሎሬይን ሳን ሆዜ ትኖራለች፣ የሕፃናት የሥዕል አስተማሪ ናት። ጥቁር አሜሪካዊት፣ ረጅም፣ ንግግሯ ቁርጥ ቁርጥ ያለ። ጥሩነህ በሄይዋርድ በኩል ነድቶ ከሰዓት በኋላ ቤቷ ደረሰ። ዜናውን ስትሰማ አላለቀሰችም። ግድግዳውን በቡጢ መታችው።

«ሦስት ግድግዳ ሠርቻለሁ» አለች። «ለሦስት ልጆች። አንዱም ሳይበላሽ አልቀረም።»

«ፎቶ አለሽ?»

ሐሙስ ዕለት ያነሣቻቸውን ፎቶዎች ጠረጴዛ ላይ ደረደረች። ጥሩነህ ሥዕሉን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው እንዲህ ነው። አምሐ መሐል ቆሟል፣ መዳፉ ላይ መፋቂያው አለ። በግራ ፖሊሶቹ ሁሉ በጎን ተስለዋል፣ እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ዓይን። በቀኝ አሥራ ሁለት የሰፈር ሰዎች። አሥራ አንዱ ፊት ለፊት ያያሉ፣ ሁለት ሁለት ትልልቅ ዓይን አላቸው። ጫፍ ላይ ያለው አሥራ ሁለተኛው ኮፍያ ያደረገ፣ የቆዳ ጃኬት የለበሰ ሰውዬ ነው። እሱ በጎን ነው የተሳለው። አንድ ዓይን ብቻ።

ጥሩነህ ጣቱን አሥራ ሁለተኛው ሰውዬ ላይ አሳረፈ።

«አየሽ» አለ። «ዓባይነህ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ልጅ ነው። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅ ሁሉ ሁለት ዓይን አለው። በጎን፣ በአንድ ዓይን የሚሳለው ክፉ ሰው ነው። ይሁዳ፣ ሰይጣን፣ ጌታን የገረፉት ወታደሮች። ይህን ያላየ የአበሻ ክርስቲያን የለም። ዓባይነህ ይሄን ሰውዬ ከሰሰው ማለት ነው። የሐሰት ምስክሩን አውቆታል። ማን ነው?»

«ማንም አይደለም።»

«እንዴት ማንም አይደለም?»

«ዓባይነህ አልሳለውም። እኔ ነኝ፣ ረቡዕ ዕለት፣ እሱ ማውንቴን ቪው ከተማ ሄዶ ቢሮ ሲያጸዳ። ከጭንቅላቴ ነው ያወጣሁት።»

«ለምን በጎን?»

«ሁሉም እኮ ወደ መንገዱ ነው የሚያዩት» አለች፣ ትዕግሥቷ እያለቀ። «ፎቶ ሊነሡ የተሰለፉ ነው የሚመስሉት። አንድም ሰው ልጁን አያየውም። አንድ እንኳ እሱን የሚያይ ሰው ይኑር ብዬ ነው። ዓባይነህ ሐሙስ ሲያየው ተቆጣ። ምን እንዳስቆጣው አልገባኝም፣ እንግሊዝኛው ሲናደድ ይጠፋበታል። አስተካክይው አለኝ፣ አላስተካክልም አልኩት። እንግዲያው ራሴ ዓይን እጨምርለታለሁ አለ። ተጣልተን ተለያየን።»

ቀጭኑ ብሩሽ፣ ነጩ ቀለም። ዓባይነህ ዓርብ ሲመሽ መወጣጫው ላይ የወጣው ለዚያ ሰውዬ ሁለተኛ ዓይን ሊሰጠው ነው።

ጥሩነህ መኪናው ውስጥ ገብቶ ሞተሩን ሳያስነሣ ተቀመጠ። ሥዕሉ ማንንም አልከሰሰም። ቢሆንም አንድ ሰው ተከሰስኩ ብሏል። ምን ያለበት ዝላይ አይችልም ይባላል። ይህኛው ጭራሽ ማንም ዝለል ሳይለው ነው የዘለለው።

*

እሑድ ጠዋት ዘርኡ በሩን ሲከፍት ጥሩነህ ደጃፉ ላይ ነበር። ፎቶውን አሳየው እንጂ አልጠየቀውም።

ዘርኡ ፎቶውን አየና ኮፍያውን አወለቀ። ዘርኡም ኮፍያ ያደርጋል። ለነገሩ ኦክላንድ ያለው አበሻ እኩሌታው ኮፍያና የቆዳ ጃኬት ነው።

«እኔ ነኝ» አለ።

«ምን አሉ?»

«ይሄ ሰውዬ እኔ ነኝ። ያን ዕለት አምሐ ወደዚህ ሮጦ ነበር። ፖሊሶቹ ሲጮኹበት ወደ በሬ መጣ። እኔ ከውስጥ ቆለፍኩት። ፈራሁ። በመስታወቱ አየኝ።» ያወለቀውን ኮፍያ በእጁ ጨመደደው። «ግድግዳውን ለምን የሰጠሁ ይመስልሃል? ሐሙስ ሥዕሉን ሳየው ዓባይነህ ያወቀብኝ መሰለኝ። ደሙ እስኪደርቅ ሰደብኩት። በአንድ ዓይን ከይሁዳ ጋር አሰለፍከኝ አልኩት። እሱ ምስኪን፣ ሰው ራሱን እንደሚያይበት ገና ያን ጊዜ ነው የገባው። ያቺ ልጅ አታውቅም፣ ነገ ዓይን እጨምርለታለሁ፣ አንተም ሌላውም አትቀየሙ አለኝ።»

«ሲነጋገሩ ማን ሰማ?»

«ማን ይሰማል? ታደሰ ብቻ ነበር። ዓባይነህን ወደ ሥራው ሊያደርሰው መጥቶ ቆሞ ነበር። ስሰድበው ሰምቶ ሥዕሉን ቀና ብሎ አየ። የዓባይነህን መልስ ሳይሰማ ታክሲው ውስጥ ገባ፣ ጥሩምባ ነፋ።»

«ታደሰ እዚህ ነበር?»

«ሁሌ ይመጣል እኮ።»

ጥሩነህ ፎቶውን ኪሱ ከተተ። ሊሄድ ሲል ዘርኡ እጁን ያዘው።

«ለዓለምፀሐይ ትነግራታለህ?»

«በሩን የቆለፉት እርስዎ ነዎት። እርስዎ ይንገሯት።»

*

ከቅዳሴ በኋላ ጥሩነህ ለታደሰ ኮል አድርጎ ሆስፒታል አድርሰን አለው። ታደሰ ሲመጣ ዓለምፀሐይ ከኋላ ገባች። ከዚያ በፊት ጥሩነህ አንድ ነገር ብቻ ለምኗታል፤ እስኪጨርስ ዝም እንድትል። «አምሐን የሚመለከት ነው» ስላላት ብቻ ነው እሺ ያለችው።

«በቴሌግራፍ በኩል ሂድ» አለ ጥሩነህ።

«ያን መንገድ አልወደውም ብዬዎት የለ?»

«ዛሬ ብቻ።»

ግድግዳው ጋ ሲደርሱ አቁም አለው። ታደሰ አቆመ፤ እጁ መሪውን አልለቀቀም።

«የተፋቀውን ሰውዬ ደረስኩበት» አለ ጥሩነህ።

«የቱን ሰውዬ?»

«ባለ አንድ ዓይኑን። ማንም አይደለም። ዓባይነህ አልሳለውም። ያቺ ፈረንጅ አገር የተወለደች ልጅ ናት ከጭንቅላቷ አውጥታ የሳለችው። የእኛን የሥዕል ደንብ አታውቅም። ማንንም ልትከስ አላሰበችም።»

«አይሆንም።»

«ምኑ ነው የማይሆነው?»

«ዓባይነህ ነው። ኮፍያዬን፣ ጃኬቴን፣ አፍንጫዬን ሳይቀር። እኔን ነው የሳለኝ። ሰው ሁሉ እንዲያየኝ ብሎ እኔን ነው...»

ቆመ። ቃሉ ከአፉ ወጥቶ ሄዷል፤ ታክሲ አይደለም አይጠራም።

«በዚህ መንገድ አልፌ አላውቅም ብለኸኝ ነበር» አለ ጥሩነህ።

ታደሰ በመስታወቱ ወደ ኋላ አየ። ዓለምፀሐይ እያየችው ነበር።

«ምን ብለህ መሰከርክ?» አለ ጥሩነህ።

ታደሰ ዓይኑን ከመስታወቱ ወደ መሪው መለሰ።

«ምን ብለህ?»

«ቢላ ይዞ ነበር አልኩ።»

«ይዞ ነበር?»

«መፋቂያ ነው።»

«እንዴት አወቅክ?»

«እኔ ነኝ የሰጠሁት» አለ ታደሰ። «እናቴ አሥር አሳስራ ልካልኝ ነበር፣ አካፈልኩት። የትራፊክ መብራት ላይ ቆሜ ነው ያየሁት። እጁን ሲያነሣ መፋቂያው በእጁ ነበር። በማግስቱ ዶውሊንግ አስጠራኝ። የታክሲ ፈቃዴ በአደጋ ምክንያት ሁለቴ ሪጀክት ሆኗል። ሚስቴን ገና አላመጣሁም። ፈቃዱን እኔ አስጨርስልሃለሁ፣ አንተ ያየኸውን ብቻ ንገረኝ አለኝ። ያየኸው ቢላ ነው አይደል አለኝ። ልጁ ሞቷል፣ ምን ይጎዳዋል ብዬ...»

ዓለምፀሐይ አፏን በእጇ ይዛለች።

«ዓባይነህስ?»

«ዓርብ አጥፋው ልለው መጣሁ። ጨለምለም ሲል ነው። መወጣጫው ላይ ብሩሽ ይዞ ግድግዳው ላይ ያለውን ፊቴን ይቀባል። ቆይ፣ ዓይን ልጨምርለት ነው አለኝ። አላመንኩትም። ያፌዘብኝ መሰለኝ። የመወጣጫውን እግር ይዤ ነቀነቅኩት። ሲወድቅ ድምፁ... ከዚያ በጎማ መፍቻ ፋቅኩት። እኔን ብቻ ባጠፋ ይታወቃል ብዬ ቀለሙን ደፋሁ። ስድቡንም ጻፍኩ፣ ነጮቹ እንዲመስሉ።»

«ሰውዬው በሕይወት እንዳለ አውቀሃል?»

«ይተነፍስ ነበር።»

«አምቡላንስ አልጠራህም።»

«ላስቲኩን አለበስኩት» አለ ታደሰ። «ይበርደዋል ብዬ።»

ጥሩነህ በዘመኑ ብዙ ወንጀለኛ መርምሯል። በጥፊ የመታውን ሰው ሁሉ አያስታውስም። ይህን ሰው ግን መምታት ሳይሆን ከመኪናው ወርዶ መሸሽ ነው የፈለገው።

«ዓለምዬ» አለ ታደሰ፣ ሳይዞር። «ማሪኝ።»

«ሬሳውን ተሸክመሃል» አለች። ድምፅዋ ደረቅ ነበር። «ከፊት በቀኝ በኩል። ሰልስቱን እቤቴ ቁጭ ብለህ እንባዬን ጠርገሃል። ምን ብዬ ነው የምምርህ? ነገ የአምሐን ጉዳይ የያዘልን ሎየር ጋ እወስድሃለሁ። ቢላ ያልክበት አፍህ መፋቂያ ይላል። ከዚያ ፖሊስም ይውሰድህ፣ እግዚአብሔርም ይውሰድህ፣ የእኔ ጉዳይ አይደለም።»

«ፈቃዴን ይነጥቁኛል። አገሬ ይመልሱኛል።»

«አምሐን ማን ይመልሰዋል?»

ጥሩነህ እጁን ዘርግቶ የመኪናውን ቁልፍ ነቀለ። ያን ሌሊት ታደሰ የትም አልሄደም፤ ዘርኡና ጥሩነህ በየተራ አጠገቡ ተቀመጡ። ዘርኡ ለዓለምፀሐይ ስለ በሩ የነገራትም ያን ምሽት ነው። ምን እንዳለችው አልተናገረም። ለአርባ ቀን ያህል ግን ማጠቢያ ቤቱ ደጃፍ አልደረሰችም።

*

ሰኞ ፋይሉ አልተዘጋም። ይህን ድል የሚሉት አሉ። የገደሉት ሁለት ፖሊሶች ደመወዛቸው ሳይቋረጥ ቤታቸው ተቀመጡ፤ ዶውሊንግም ወደ ሌላ ክፍል ተዛወረ ተባለ። አምሐ ግን ቢላ አልያዘም። ይህ በታደሰ ፊርማ፣ በእንግሊዝኛ፣ ማኅተም ተደርጎበት ተጻፈ። ታደሰ በዓባይነህ ጉዳይ ታሰረ።

ዓባይነህ በሦስተኛው ቀን ነቅቶ ነበር። መጀመሪያ የጠየቀው ዓይኑን ጨመርኩለት ወይ ብሎ ነው።

በመከር ላይ ሎሬይን ግድግዳውን አጥባ እንደገና ጀመረች። ዓባይነህ በተሽከርካሪ ወንበር ከሥር ተቀምጦ ያዛታል፤ ታዛዥ ባትሆንም። ዓለምፀሐይ በመጨረሻው ቀን መጣች። ከሁሉም ጋር ሰላም አለች፣ ከዘርኡም ጭምር። ለጥሩነህ «ጋሽ ጥሩነህ» አለችው። ጥሩነህ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣት።

ሥዕሉ አልቋል። የቀረው አሥራ ሁለተኛው ሰውዬ ብቻ ነው። ኮፍያው፣ ጃኬቱ፣ በጎን የዞረው ፊቱ፣ አንድ ዓይኑ።

«እንግዲህ ይሄን ሰው ፊቱን አዙሬ ሁለተኛ ዓይን ልስጠው ወይስ እንዲህ ይቅር?» አላት ዓባይነህ ዓለምፀሐይን። ቀጭኑ ብሩሽ በእጁ ነበር። «የምትይውን አደርጋለሁ። አበሻ ሲያየው ማን መሆኑን ያውቃል። እስር ቤትም ለታደሰ ወሬው ይደርሰዋል።»

ዓለምፀሐይ ሎሬይንን ጠየቀቻት፣ በእንግሊዝኛ፣ ለምን በጎን እንደሳለችው። ሎሬይን ለጥሩነህ የነገረችውን ደገመችላት። ዓለምፀሐይ አሥራ አንዱን ፊት አንድ በአንድ አየች። ሁሉም ጻድቃን፣ ሁሉም ወደ መንገዱ ያያሉ። ከዚያ ያን አንዱን ወንድሟን የሚያየውን አየችው፣ ብዙ ቆየች።

«አታዙረው» አለች። «አምሐን እያየ ይኑር።»

ዓባይነህ ብሩሹን ውሃው ውስጥ አለቀለቀና አስቀመጠው።